ቢጫው እርሾሽ

ለቀድሞ እጮኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ብርድ ሲነካው የሚያምሽ ትከሻ ተሻለሽ? እኔ ከሽበቴና ከመነጽሬ በቀር ደህና ነኝ። ስድስት ዓመት ዝም ብዬ ዛሬ ዓይኔን በጨው አጥቤ ስጽፍልሽ፣ ቀድደሽ ብትጥይው አልፈርድብሽም። ብቻ አንብበሽ ቅደጂው።

በቀደም እህትሽን ፋርማሲ በር ላይ አገኘኋት። ጨርቅ ሱቅ እንደምትሠሪ ነገረችኝ። ዳቦ እንኳ ቤቷ አትጋግርም፣ እጄ እርሾ ይገድላል ትላለች ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ቤቴ ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። እና ልንገርሽ።

ባለፈው ወር ላቦራቶሪያችን አዲስ ማቀዝቀዣ ገባለት። ብልቃጦቹን ከአሮጌው ሳዛውር፣ ከታች በረዶ ከዋጠው መደርደሪያ ላይ የእጅ ጽሕፈትሽ ያለበት ብልቃጥ አየሁ። ከምትሠሪው እርሾ ሁሉ ግማሹን ታስቀምጪ አልነበር? አንቺ እኮ ለክፉ ቀን እያልሽ የሙዝ ግማሽ እንኳ ጠቅልለሽ የምታኖሪ ሰው ነሽ! ያ ከበረሃዋ ቅጠል ዘረመል ወስደሽ የከተትሽበት እርሾ ነው፤ ስኳር እየበላ የቅጠሏን የህመም ማስታገሻ እንዲሠራልን ሁለት ዓመት የለፋሽበት።

ሳህን ላይ ባለው የእርሾ ምግብ ላይ ዘራሁት። በአራተኛው ቀን ሳህኑ ቢጫ ሆነ፣ ልክ እንደዚያን ጊዜው። ሻጋታ ፀጉር ያበቅላል፤ ይኼ ግን ልስልስ ያለ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። ስንመረምረው ቅጠሏም እርሾውም ለየብቻቸው የማያውቁትን አዲስ ንጥረ ነገር ሠርቷል። በየትኛውም መዝገብ ፈልገን አጣነው። እጅሽ ይባረክ! እጅሽ ምንም አልገደለም።

ኃላፊያችን የማን ነው ሲል ያንቺ ነው አልኩት። ግኝቱ ሲጻፍ ስምሽ ከፊት ነው፣ የኔ የለበትም። ግራ ገብቶት፣ ያኔ ሻጋታ ገብቶበታል ብለህ በረኪና የደፋህበት አንተ አይደለህ እንዴ አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። የተበላሸ ሳህን ላይ በዚያው ቀን በረኪና ይደፋ የሚለውን ደንባችንን ታውቂዋለሽ፤ ከኔ ሌላ ያየው ሰው አልነበረም። ካስቀመጥሽው ብልቃጥ እንደገና ልጀምር ስትዪኝም፣ እሱም ተበላሽቷል ተይው ያልኩሽ እኔ ነኝ። በሥራው ስለምቀድምሽ አመንሽኝ። አይዞሽ፣ ማንም ይሳሳታል እያልኩ እንባሽን የጠረግኩልሽም እኔው ነኝ፣ አፈር ልብላ! አንተን ባየሁ ቁጥር ጥፋቴ ትዝ ይለኛል ብለሽ ሥራውንም እኔንም ትተሽ ሄድሽ።

ፀጉር የሌለው ሻጋታ አይተህ ታውቃለህ ወይ፣ ታዲያ ለምን ደፋኸው አለኝ ኃላፊያችን። የዚህ መልስ ዕዳ ያለብኝ ግን ላንቺ ነው። የባህር ማዶው ተቋም፣ እርሾው ከሠራልሽ ነይ ብሎ የጻፈልሽ በረኪናውን በደፋሁበት በዚያው ሳምንት ነበር። ደብዳቤውን እየዘለልሽ ያነበብሽልኝ ለኔ ነው። አምስት ዓመት ብቻ ነው አልሽኝ፤ እኔም ደስ ብሎኛል አልኩሽ።

ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ በኔ ምክንያት ያለቀስሽውን ሁሉ በደስታ ይካስሽ።

የቀድሞ እጮኛሽ