ኩርባ በሌለው አገር ለኩርባ ስለተገዛችው መኪና

ለክቡር አቶ ግራንት ዊትሎክ
የ«ባለመሪው» መጽሔት ዋና አዘጋጅና የኩርባዎች ሁሉ ዳኛ
ሎስ አንጀለስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ በፊት ለእርስዎም ሆነ መኪና ለሚፈትኑት ባልደረቦችዎ ሙሉ ጤና፣ በተለይም የወገብ ጤና፣ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ቨርሊን ሀውገን፣ በሰሜን ዳኮታ ሂልስቦሮ ከተማ የምኖር፣ ዕድሜዬን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው፣ መጽሔትዎ ለቤቴ ስላደረገው ውለታ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ሰማይም ምድርም ይታዘቡኛል ብዬ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። መጀመሪያ ለብቻዎ ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ሞኝነቴን የከተማው ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው፣ ከእርስዎ ጋር ብቻ በምስጢር መያዙ ትርጉም አልሰጠኝም።

እንደሚያስታውሱት፣ ባያስታውሱትም እኔ በቃሌ ልወጣልዎ እችላለሁ፣ ባለፈው የመከር እትምዎ ታልዞና ሜሪደን የተባሉትን ሁለት ትናንሽ ኤስዩቪዎች አወዳድራችሁ ነበር። ታልዞ መንገድ አያያዟ የተመሰገነ፣ መሪዋ ለጣት ንክኪ የሚታዘዝ፣ ኩርባ ላይ የማትዋልል ሆና አንደኛ ወጣች። ሜሪደን ደግሞ የሚሞቅ ወንበር፣ የሚሞቅ መሪ፣ ለስላሳ ሞላ፣ ወገብ የሚይዝ መደገፊያና ለመግባት የማያስጎነብስ ሰፊ በር አላት ተብሎ፣ ለታመመ ሰው በሚደረግ ርኅራኄ ተሸኘች። ጸሐፊዎም መጨረሻ ላይ «ሜሪደን የተሳፋሪ መኪና ናት፤ ታልዞ ግን የሾፌር» ብለው ደመደሙ። በሕፃናት ጩኸት ታጅቦ፣ በዝግታ፣ ቀጥ ብሎ ሲነዳ የኖረ ሰው «የሾፌር» የምትለዋን ቃል ሲያነብ ምን እንደሚሰማው እርስዎ ይገምቱ። እኔ በበኩሌ ምሳዬን ትቼ ባለቤቴን አርዲስን ይዤ ወደ መኪና መሸጫው ሄድኩ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ክቡርነትዎ ታልዞን ያስፈተኑት በተራራና በባሕር መካከል በሚጥመዘመዝ መንገድ ላይ እንደነበረ ከጽሑፉ ተረድቻለሁ። የእኛን አገር ግን እግዚአብሔር በማስመሪያ ነው የሠራው። ከቤቴ ተነሥቶ ፋርጎ የሚገባ ሰው መሪውን የሚያዞረው ሲነሣና ሲደርስ ብቻ ነው፤ በመካከሉ ያለው የስንዴ፣ የአኩሪ አተርና የስኳር ቀይ ሥር ማሳ ነው። በአካባቢያችን የሚገኘው ብቸኛ ኩርባ ከአውራ ጎዳናው መውጫ ላይ ያለው ስለሆነ፣ መኪናዋን በገዛሁ ሳምንት እሱን ወጥቼ፣ ዞሬ ተመልሼ፣ እንደገና ወጥቼ፣ ተድላዬን ሳደርግ ምክትል ሸሪፏ ኬይላ ቶርስጋርድ መብራቷን አብርታ አስቆመችኝ። ልጅቷን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ያመላለስኳት እኔ ነኝ። ወደ መስኮቴ ጎንበስ ብላ፣ ለደከመ ሽማግሌ በሚነገርበት ለስላሳ ድምፅ፣ «አቶ ሀውገን፣ ቤት የሚወስደው መንገድ ጠፍቶብዎት ነው?» አለችኝ። የመሪውን ቅልጥፍና እየፈተንኩ ነው ከማለት መጥፋቱ ስለቀለለኝ፣ አዎ አልኳት። እስከ ደጄ ድረስ ከፊቴ ሆና መራችኝ፤ ከዚያም አርዲስን ወደ ጎን ወስዳ ስለ ጤንነቴ ጠየቀቻት።

ሁለተኛ። እውነቱን ለመናገር ታልዞ አንድ ጊዜ አኩርታኛለች። በመከር ወራት የጭነት መኪኖች ቀይ ሥሩን እያንጠባጠቡ ስለሚያልፉ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን እራት ስንሄድ የሰው ጭንቅላት የሚያህል አንዱ መንገዱ መካከል ተጋድሞ አገኘሁት። ጸሐፊዎ እንዳሉት መሪውን በጣቴ ነካ አደረግሁ፤ ታልዞም እንደ ድመት ዘወር ብላ አለፈችው። አርዲስ ጭኗ ላይ ይዛው የነበረው የድንችና የሥጋ ትሪ ግን መጽሔትዎን ስላላነበበ መዞሩን አላወቀም፤ በመጣበት ቀጥሎ በሩ ላይ ተለጠፈ። እኔ ድንቹን ከመስኮቱ ላይ በማንኪያ ስለቅም፣ አርዲስ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ውጭ ትመለከት ነበር።

ሦስተኛ። «ታልዞ መንገዱን ለሾፌሩ ትነግረዋለች» ተብሎ ተጽፏል፤ ሐሰት አልተገኘበትም። የእኛን አስፋልት ውርጩ በየዓመቱ እየሰነጠቀ ስለሚያጎብጠው መንገዳችን ብዙ የሚናገረው አለ፤ ታልዞም በዚያ ጠንካራ ሞላዋ አንዲት ቃል ሳትደብቅ ታደርስ ነበር። ችግሩ የምትነግረው ለእኔ ብቻ አለመሆኑ ነው። አርዲስ የቤተ ክርስቲያናችን ኦርጋን ተጫዋች ናት፤ ካቻምና የጀርባ አጥንቷን ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። ከእኔ ጋር ተጉዛ በደረሰች ቁጥር መዝሙሩን የምትጀምረው ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ወንበሩም ቢሆን ሙቀት የሚያገኘው ከተቀመጠበት ሰው ብቻ ነው። እኔ ግን በዚህ ሁሉ መካከል፣ መጽሔትዎ ያስተማረኝን ደስታ ላካፍላት ብዬ፣ መንገዱ ይሰማት እንደሆነ እጠይቃት ነበር። ይሰማኛል ትለኝ ነበር።

አራተኛ። ይህኛው የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ቢሆንልኝ ግን እንዴት በወደድኩ። እርስዎ በሚኖሩበት ከተማ ሰው ሲጠየቅ የፈለገውን ይናገራል አሉ። በእኛ ዘንድ የቀረበለትን ነገር በመጀመሪያው ግብዣ የሚቀበል ሰው አስተዳደግ የጎደለው ነው፤ በሁለተኛው የሚቀበል ቸኩሏል፤ የልብ መልስ የሚመጣው በሦስተኛው ነው። አንድ ቁራሽ ኬክ ማቅረብ ቢሆን፣ በረዶ የዋጠውን መኪና መጎተት ቢሆን ሥርዓቱ አንድ ነው። እናም መኪና መሸጫው ውስጥ አርዲስን የሚሞቅ ወንበር ያላት ትሻልሽ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ተው ባክህ፣ ለኔ ብለህ አትቸገር» አለችኝ። ደግሜ ጠየቅኋት። «ኧረ እኔ የትም ቢሆን እቀመጣለሁ» አለች። እዚያ ላይ ቆምኩ። የቤት ማሞቂያ ሊጠግን ለመጣ እንግዳ ሰው እንኳ ሦስተኛውን ግብዣ የማልነፍግ ሰው፣ ለገዛ ሚስቴ ሁለቱ ይበቃታል አልኩ፤ ሦስተኛውን ብጠይቃት የምትመልሰውን አውቅ ነበርና። የታልዞን ቁልፍ እየሣቅሁ ተቀበልኩ።

አምስተኛ፣ ቁጥሩ ካልተሳሳተብኝ። ጎረቤታችን ኦርቪል ብየርኪ ሚስቱ የሞተችበት፣ መጽሔት የሚባል ነገር የማይገልጥ፣ መኪና ሲመርጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንቅልፍ ካሸለበው ይገዛል የሚባልለት ሰው ነው። በኅዳር ሜሪደን ገዛ። አንድ ረቡዕ አርዲስን ፋርጎ ወዳለው የመዘምራን ልምምድ ልወስዳት ስል፣ ታልዞ ውስጥ ለመግባት ጎንበስ ቀና ስትል አይቷት፣ መንገዴ ስለሆነ እኔ ላድርስሽ አላት። አመስግና እንቢ አለች። ደግሞ ጠየቃት፤ እንቢ አለች። የበረዶ አካፋዬን እንደያዝኩ እዚያው ቆሜ፣ ሦስተኛውን እንዳይጠይቃት በልቤ ጸለይኩ። ጠየቃት። ሄደች። ከዚያ ወዲህ የበረዶውን ወራት ሁሉ፣ ባለቤቴ ረቡዕ ረቡዕ በሰው መኪና ሞቋት ስትሄድ እኔ ደጅ እጠርግ ነበር። ገበያ የሚያገኙኝ ሰዎችም ኦርቪል ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው ይሉኝ ጀመር፤ በእኛ አነጋገር ለአንድ ባል ከዚህ የከፋ ስድብ የለም።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር፤ የእሑዱን ግን አልቻልኩትም። ከተጋባን ጀምሮ፣ ዘሩ ብቅ ካለበት ጊዜ አንሥቶ እሑድ አመሻሽ ላይ በመኪና እየዞርን የሰው ማሳ እናያለን። የማን መስመር እንደተጣመመ፣ የማንን አረም እንደዋጠው፣ ማን አዲሱን ትራክተር ሰው እንዲያይለት መንገድ ዳር እንዳቆመው፣ በእግረኛ ፍጥነት እየሄድን ስናማ ነው የኖርነው። ዘንድሮ የመጀመሪያው እሑድ ሲመጣ ቁልፉን አንሥቼ በሩ ላይ ጠበቅኋት። እሷ ግን፣ አንተ ሂድ፣ እኔ ቤት ልሁን አለችኝ።

ሄድኩ። ብቻውን በዝግታ እየነዳ የሰው እርሻ የሚያይ ሽማግሌ ሌባ ይመስላል፤ ውሻ ተከተለኝ፣ አንድ ገበሬም ከጎተራው ወጥቶ ታርጋዬን ተመለከተ። የሎይድ ቫንግ ስንዴ ሰካራም የዘራው ይመስል ተጣሞ በቅሎ አየሁት፤ ወደ ቀኜ ዞሬ ልናገር አፌን ስከፍት የምነግረው ሰው አልነበረም። ሚስቴን እንዳጣኋት ያህል ተሰማኝ። መንገድ ዳር አቁሜ፣ ከእርስዎ የምደብቀው ነገር ስለሌለ ልንገርዎ፣ አለቀስኩ።

ቤት ስመለስ አርዲስ ሙቅ ውሃ የተሞላ ላስቲክ ከወገቧ ሥር አድርጋ ወጥ ቤት ተቀምጣ አገኘኋት። አንድ ሙሉ የበረዶ ወራት አርፍጄ ሦስተኛውን ጥያቄ ጠየቅኋት፦ «አርዲስ፣ የሚሞቀው ወንበር ያላት ትሻልሽ ነበር?»

ላስቲኩን ከወገቧ ሥር አስተካከለች። ከዚያ «እንግዲህ... ብዙ ካላስቸገረህ» አለችኝ። ይህች ሐረግ በእኛ ዘንድ የጣር ጩኸት መሆኗን ይወቁልኝ። ቀጥላም፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ «ደሞ ኦርቪል መንገዱን ሙሉ ስለ ወንበሩ ነው የሚያወራው። አንተ ቢያንስ ሰው ታማለህ» አለች። በትዳር በኖርንበት ዘመን ሁሉ ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል ነግራኝ አታውቅም።

በነጋታው ታልዞን በኪሳራ መልሼ ሜሪደንን አመጣሁ። ጸሐፊዎ አልዋሹም። መንገዱን አትነግረኝም፤ አውራ ጎዳናው መውጫ ላይ እንደ ጀልባ ትዋልላለች፤ መሪዋም ትእዛዜን የምትፈጽመው ካሰበችበት በኋላ ነው። ባለፈው እሑድ ግን አርዲስ ከጎኔ ተቀምጣ የሎይድን ስንዴ አየችና፣ ሰውዬው ሲዘራ ስልክ እያወራ ነበር መሰለኝ አለች። ትንሽ እንደሄድን እንቅልፍ ወሰዳት። ወደ ቤት የሚያስገባውን መታጠፊያ አይቼ አለፍኩት፤ እንዳትነቃብኝ ቀጥ ብዬ ነዳሁ፤ ደስም አለኝ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ትልቅ ሰው ሆኜም መኪና መምረጥ ከሚያውቁ ሰዎች ምክር ሰምቼ እንዴት መሳሳት እንደሚቻል ስላሳዩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ለመጽሔትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለጸሐፊዎም በታልዞ ውስጥ የሚያሳልፉት አንድ የሰሜን ዳኮታ ጥር እመኛለሁ።

ለአንዲት ኩርባ ሲል ሚስቱን ለጎረቤት ሊያስረክብ ጥቂት የቀረው፣ ያም ሆኖ የዓመት ክፍያውን ሳያጓድል የላከ ታማኝ አንባቢዎ፣

ቨርሊን ሀውገን
የቀድሞ አውቶቡስ ሾፌር፣ የአሁኑ የተሳፋሪ መኪና ነጂ

ከፊርማዬ በኋላ የታየኝ፦ የመከር እትምዎን ከመጣሌ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ገለጥ ገለጥ አደረግሁት። በታተሙት ፎቶግራፎች ሁሉ፣ በተራራውም ላይ በባሕሩም ዳር፣ ከሾፌሩ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ለምቾት ያን ያህል ትንሽ ነጥብ ስትሰጡ የተከራከራችሁ ሰው ያልነበረው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። ክቡርነትዎ እዚያ ወንበር ላይ የሚያስቀምጡት ሰው ከሌለዎት ከልቤ አዝንልዎታለሁ፤ ካለዎት ግን፣ በጎ ፈቃድዎ ሆኖ በሚቀጥለው ፈተና ይዘዋቸው ይሂዱ፣ ነጥቡንም እሳቸው ይስጡ።