ከፊት የሄድኩበት ቀን

ውድ ቆይቆይ፣

አደራ፣ ሳታነቢው እንዳትጥዪው። አንብበሽ ስትጨርሺ ግን የፈለግሽውን አድርጊው፤ ካሻሽ የስፌት መኪናሽ ጠረጴዛ እንዳይነቃነቅ አጥፈሽ ከእግሩ ሥር ክተቺው።

ከእኔ መቁረጫ ጠረጴዛ አጠገብ ተነሥተሽ ፎቅ ላይ ወዳለው መጋረጃ ክፍል ከተዛወርሽ ዓመት ሊሞላሽ ነው። ሸሚዝ ስትሰፊ መኪናሽ ቶሎ ቶሎ እየቆመ ነበር የሚሠራው፤ መጋረጃ ረጅም ስፌት ስለሆነ አሁን ድምፁ ሳይቋረጥ ጣሪያዬ ላይ ሲሄድ ይውላል። አንዳንዴ ድንገት ጸጥ ይላል። ያኔ በመስኮት የሆነ ነገር እያየሽ እንደሆነ አውቃለሁ። አለቃችን ወደ ላይ አንጋጦ "ያቺ ሴትዮ ዛሬም ቆመች?" ይላል፤ እኔ መቀሴን ይዤ ጭጭ እላለሁ። ደረጃው ላይ ስንገናኝ "ደህና አደርሽ"፣ "ደህና አደርሽ" ተባብለን እንተላለፋለን። ሃያ ሁለት ደረጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ባለፈው እሑድ አምስት ተራራ የወጣሁት ሴት ይህን ደረጃ መውጣት አቅቶኝ ይኸው ወረቀት ላይ ተደፍቻለሁ።

አዎ፣ ዘንድሮም አምስቱን ጫፎች በአንድ ቀን ልንጨርስ ሄድን። ዳቦ ጋጋሪው፣ የሒሳብ አስተማሪዋና እኔ። አራተኛዋ አንቺ ነበርሽ። ቆይቆይ ያልንሽም እኛው ነን፤ ሽቅቡ ላይ ነፍሳችን ልትወጣ ደርሳ አንቺ "ቆይ ቆይ፣ ይቺን እዩልኝማ!" ትያለሽ፣ ስናይ ጉንዳን ናት። ዳቦ ጋጋሪው ያወጣውን ደንብ አልረሳሽውም መቼም። ሽቅብ ሲሆን በጣም የሚዘገየው ሰው ከፊት ይሄዳል፣ ሌላው በእሱ እርምጃ ይከተላል። ቁልቁል ሲሆን ሁሉም እንደ ጉልበቱ ይሮጥና በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ዝቅታ ላይ ይጠባበቃል። አንቺ ሁልጊዜ ከፊት ነበርሽ፣ እኔ ሁልጊዜ መጨረሻ።

ዘንድሮ ከፊት የሄድኩት እኔ ነኝ። አትሳቂ። ከሁለት ወር በፊት ቁርጭምጭሚቴ ዞሮብኝ ነበር፤ ሐኪሙም "መውጣቱን ውጪ፣ ሩጫውን ግን እርሺው" ብሎኛል። ዳቦ ጋጋሪው ገና የወሰደን መኪና ሳይቆም የታሰረ እግሬን አየና "በይ እንግዲህ፣ ወደ ፊት!" አለኝ። ደሜ ፈላ። እኔ? ከሁሉ ቀድሜ የምወርደው እኔ? ግን ደንብ ደንብ ነው፤ ሳልወድ በግድ ከፊት ሆኜ ገና ጎህ ሳይቀድ መንገዱን ጀመርኩ።

ቆይቆይ፣ ከፊት ምን እንዳለ ለምን አልነገርሽኝም? አራት ዓመት ሙሉ ያየሁት የሰው ተረከዝና የእጅ ሰዓቴን ነው። ከፊት ግን ማንም የለም። የሳሩን ጤዛ መጀመሪያ የምታረግፊው አንቺ ነሽ። የሸረሪት ድር በፊትሽ ይበጠሳል፤ ወፏ የምትበርረው ከአንቺ እግር ሥር ነው። ከጫካው ወጥተን ድንጋያማው ላይ ስንደርስ ሰማዩ እንዲያ ይቀርበኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር።  ሳላስበው "ቆይ ቆይ" የሚለው ቃል ከአፌ አመለጠ፤ ከኋላዬ ሁለቱም ሳቁ፣ ወዲያው ደግሞ ዝም አሉ።

የመጀመሪያው ጫፍ ላይ ፀሐይ ወጣችልን። ደመናው ከእግራችን በታች ተኝቷል። ሌሎቹ አራት ጫፎች ከነጩ ውስጥ ብቅ ብለው ይታያሉ፤ መንደር የለ፣ መንገድ የለ፣ ስፌት ቤት የለ። ዘወር ስንል የቆምንበት ተራራ ጥላ ደመናው ላይ ተዘርግቷል፤ ጫፉ የሾለ ትልቅ ጥላ፣ መጨረሻው ለዐይን የማይደርስ። ሦስታችንም እዚያ ጥላ ጫፍ ላይ ነን፤ ግን ትንሽ ከመሆናችን የተነሣ አንታይም። ዳቦ ጋጋሪውን ታውቂዋለሽ፤ ዘወትር ጎህ ሲቀድ ምድጃ ፊት ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ የሚያየው በዓመት አንዴ ነው። ኮፍያውን አወለቀ። ለማን እንዳወለቀ አልጠየቅነውም።

ከዚያ ወረድን፣ ወጣን። እነሱ ቁልቁሉን እየሮጡ ወረዱ፤ እኔ በዱላዬ እየተመረኮዝኩ ደረስኩባቸው። ዝቅታው ላይ ቁጭ ብለው ሲያወሩ አገኘኋቸው። ማንም ሰዓቱን አላየም። አስተማሪዋ "እንኳን ቀስ አልሽ፣ ትንፋሻችንን ሰበሰብን" አለችኝ። ሁለተኛውን ስንወጣም እግራቸው ከኋላዬ በእርጋታ ይመጣል፤ አልገፋኝም። ያኔ የእኔ አመል ትዝ አለኝ። ከኋላሽ ሆኜ ሆን ብዬ ትንፋሼን ስንት ጊዜ አሰማሁሽ? በዱላዬ ድንጋዩን ስንት ጊዜ ቀጠቀጥኩብሽ? አንቺ ዞር ብለሽ "ደከመሽ እንዴ እህቴ?" ነበር የምትዪኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሦስተኛውን ጨርሰን ወደ ዝቅታው ስወርድ ያቺን ቦታ አየኋት። አምና የተለያየንባት ቦታ ናት። ድንጋዩም ያው ነው። እዚህ ላይ የምጽፈውን እውነት ማንም ነግሮሽ አያውቅም።

አምና ሁለቱ ቀድመው ዝቅታው ላይ ደርሰው ነበር፤ አንቺ ገና ከላይ በጉልበትሽ እየታገልሽ ትወርጃለሽ። እኔ "ልያት" ብዬ ወደ አንቺ ተመለስኩ። ያልኩሽን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "ተመካክረናል፤ አንቺን ከጠበቅን አምስተኛው ይቀራል። በመኪናው መንገድ ብትወርጂ ይሻላል ብለዋል። ፊት ለፊት ሊነግሩሽ አፍረው ነው።" አንቺ አልተከራከርሽም። "እሺ" አልሽ። ከቦርሳሽ የቴምር ከረጢትሽን አውጥተሽ "ለእኔ ቁልቁለት ነው፤ አንቺ ገና ሁለት ይቀርሻል" ብለሽ ሰጠሽኝ፣ ሄድሽም።

ማንም አልተመካከረም፣ ቆይቆይ። ማንም ምንም አላለም። እኔ ወደ እነሱ ሄጄ "ደክሟታል፣ ሂዱ ብላለች" አልኩ። አስተማሪዋ "ልሸኛት" ስትል "ብቻዬን ልሁን ብላለች" ብዬ ከለከልኳት። አምስቱን ጨረስን። ቴምርሽን አምስተኛው ጫፍ ላይ በላሁት። ለምን አደረግሽው ብትዪኝ የረባ ምክንያት የለኝም፤ "አምስት" ብዬ ማውራት አማረኝ፣ ይኸው ነው።

ዘንድሮ አራተኛው ጫፍ ላይ የሆነውን ልንገርሽ። ከሰዓት በኋላ አሥር ተኩል ገደማ ነው፤ ፀሐይ ከጀርባችን፣ ከፊታችን ገደል። ከገደሉ ሥር ጭጋግ ተነሣና ነጭ ግድግዳ ሆነ። ጥላችን እዚያ ላይ ወደቀ። በጥላው ራስ ዙሪያ ክብ ቀስተ ደመና! ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ሁሉም ያለው። 

"ወይ ጉድ፣ እዩልኝ! ከብቦኛል!" አለ ዳቦ ጋጋሪው።

"የታለ? የከበበው እኮ የእኔን ራስ ነው!" አለች አስተማሪዋ።

"ዐይናችሁን አሟችኋል እንዴ? እኔ ላይ ነው ያለው!" አልኩ እኔ።

ሦስት ትልልቅ ሰዎች ገደል አፋፍ ላይ እንደ ሕፃን ተጨቃጨቅን። አስተማሪዋ እጇን ታወዛውዛለች፣ እሱ ኮፍያውን ያነሣል ያወርዳል። በኋላ እሷ አሰበችና "ገባኝ" አለች። "ብርሃኑ ወደየዐይናችን ነው የሚመለሰው። እያንዳንዳችን የምናየው የራሳችንን ብቻ ነው፤ የሌላውን ማየት አይቻልም።" የእነሱን ጥላ አየሁ፤ ጥቁር ነው፣ ምንም የለበትም። እነሱም የእኔን እንደዚያው ነው የሚያዩት።  እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት አይቼ አላውቅም፤ ዳግመኛም የማየው አይመስለኝም።

"ምነው ቆይቆይ ይህን ባየች" አለች አስተማሪዋ። "አምና እንደዚያ ባይደክማት ኖሮ ዘንድሮም ትመጣ ነበር።"

 "አልደከማትም" አልኩ። "የመለስኳት እኔ ነኝ።" ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ፊታቸውን ማየት ስላልቻልኩ ዐይኔን ከጥላዎቹ ሳልነቅል ተናገርኩት። ስጨርስ ጭጋጉ ተበትኖ ገደሉ ብቻ ቀርቶ ነበር።

 ቁልቁሉን ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም አልሮጠም። አምስተኛውን ስንጀምር ደንቡ አልተለወጠምና እኔ ከፊት ነኝ፤ እነሱ ከኋላዬ ዝም ብለው ይከተላሉ። ያንን ዝምታ በጀርባዬ ተሸክሜ እስከ ጫፍ ወጣሁ። ከዚህ ቀደም የወጣሁት ተራራ ሁሉ ቢደመር ያቺን አንድ ሰዓት አያህልም። ጫፉ ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፤ ያለፍናቸው አራት ጫፎች በሙሉ ቀልተው ተሰልፈዋል። ያን ሁሉ በእግራችን መምጣታችንን ማመን አቃተኝ። አምስት ሆነ፣ ግን "አምስት" ለማለት አፌ አልታዘዘኝም።

ዳቦ ጋጋሪው ነው ቀድሞ የተናገረው። "ዓመት ሙሉ በሯን ያላንኳኳሁት ትታናለች ብዬ ነበር" አለ። "ለካ እሷ የተውናት መስሏት ቤቷ ተቀምጣለች።" 

አስተማሪዋ ትከሻዬን ያዘችኝ፤ አያያዟ አያባብልም። "ለእኛ መንገርሽ ምን ይሠራል? ለእሷ ንገሪያት" አለችኝ።

ይኸው ነገርኩሽ።

እሑድ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለቱ በርሽን ያንኳኳሉ። ስለ እኔ ሊያማልዱ አይደለም፤ ስሜን እንዳታነሡ ብዬ ለምኛቸዋለሁ። ሊወስዱሽ ነው የሚመጡት። ዓመት ሙሉ ሦስት ሰው አፈረብኝ ብለሽ ኖረሻል፤ ሁለቱ አያውቁም ነበር። ቅያሜሽን ከእነሱ ላይ አንሺውና የሦስቱንም በእኔ ላይ አድርጊው፤ ለእኔ ይገባኛል። ይቅር በይኝ እላለሁ፣ ግን ይቅር ብትዪኝም ባትዪኝም ጓደኞችሽ ጓደኞችሽ ናቸው። ቁጥሩን አትቁጠሪ፤ አንዱን ጫፍ ብቻ ወጥታችሁ ብትውሉበትም እነሱ አይቸኩሉም።

እኔ እሑድ ቤቴ ነኝ። ካልጠራሽኝ አልመጣም። አንድ ቀን ከጠራሽኝ ግን ከኋላሽ እሄዳለሁ፤ ትንፋሼን ሳላሰማሽ።

ከታች፣
ቆራጯ