ሹካ ሳይቀር የተዘረዘረበት ኑዛዜ

ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ደጊቱ፦

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እንዲያውም አሸንፌያለሁ! ጠበቃው ንብረቴን ሁሉ «የቤት ዕቃ» ብሎ የጠቀለለበትን ኑዛዜ አልፈርምም አልኩ። በዐሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን አንዲት የጎንደር ወይዘሮ ሙቀጫዋን ከነዘነዘናው ለማን እንደተወች በወንጌል ኅዳግ ላይ አስጽፋለች፤ እኔ ከእሷ በምን አንሳለሁ?

«ሚስተር አምባቸው፣ ማንኪያም ልንቆጥር ነው?» አለኝ።

«ሹካም!» አልኩት።

ይኸው አራት ገጽ ሆኖ ትናንት ተፈረመ።

ልጄ ሚካኤላ «አባ፣ የግድ ከማክሰኞ በፊት ማለቅ አለበት?» ብላ ነዘነዘችኝ። ሥርዓት ነው አልኳት። የማክሰኞው የሆስፒታል ቀጠሮዬ እንደሆነ ተራ ነገር ነው።

የአባታችንን መነጽር ግን ዝርዝሩ ውስጥ አላስገባሁትም፤ ላንቺ በፖስታ ልኬዋለሁ። ሲደርስሽ በእኔ ስልክ ሳይሆን በሚካኤላ ደውዪ።

ቤትሽ በሰላም ይሙላ፤ ልጆቹን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ አምባቸው
ሊልበርን፣ አትላንታ