መብራቷ ላይ የለጠፍኋት ሥዕል

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? የዚያ አገር ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ፣ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ገብሱም ዘንድሮ ፊቱ ደስ ይላል።

በስልክ እየጀመርሁ የተውሁትን ነገር ነው የምጽፍልሽ። በላክሽልን መኪና ውስጥ፣ ከመሪው ኋላ፣ የእመቤታችንን ትንሽ ሥዕል ለጥፌ ነበር። ሰው ሁሉ ለበረከት መሰለው። ለበረከት አልነበረም፤ መብራት ልሸፍንባት ነው።

አምና መኪናዋ በሬ ገጭታ ደሴ አስጠገንናት ብዬሽ ነበር። ያን ጊዜ፣ ሌላ በሬ እንዳይጎዳት ከፊቷ ወፍራም ብረት ላስበይድ ስል፣ በያጁ ኪዳን፣ "አባባ፣ ይቺ መኪና ከፊቷ የምታይበት ዐይን አላት፤ አደጋ ስታይ ራሷ ፍሬን ትይዛለች። ይህን ብረት ከፊቷ ካስበየዱ ዐይኗ ይጋረዳል፤ ይሳሳታል" ብሎኝ ነበር። ዕድሜዬን ጭነት መኪና ስነዳ የኖርሁ ሰው፣ የኛን አገር በሬ አንተ ታስተምረኛለህ ወይ አልሁና "በይድ!" አልሁት። ከዚያ ወዲህ አንዲት ብጫ መብራት ትበራለች፣ ትጠፋለች። አንድ ቀንም እኔው ስነዳት፣ ጭው ባለ ሜዳ ላይ ራሷ ቀጥ አለች። ነገሩ ገባኝ። ባልሽ ጥፋቴን እንዳያውቅብኝ ብዬ ሥዕሏን ለጠፍሁ። ሙሐሲንን ታውቂዋለሽ፤ "የአባባ ናት" ብሎ አክብሮ ጫፏን እንኳ አልነካትም።

በጥቅምት ሙሐሲን ሰው ጭኖ ከአቀስታ ሲመለስ ባዶ መንገድ ላይ ቀጥ አለችበት። ከኋላው የነበረው አይሱዙ ገጫት፤ ተሳፍራ የነበረችው የወይዘሮ ይርገዱ እግር ተሰበረ። "ወላሂ፣ ፍሬን አልነካሁም!" እያለ ማለ። ሰፈር ሲደርስ ጎረቤታችን አቶ አበጋዝ፣ "መኪና እንደ በቅሎ ትደነብራለች እንዴ? ጫትህን ቅመህ አንቀላፍተህ ነው እንጂ!" ሲለው ሰው ሳቀ። እኔም እዚያው ቆሜያለሁ። አልሳቅሁም፤ አልተናገርሁምም። ትራፊኮችም መንጃ ፈቃዱን ነጠቁት።

ወሬው ደርሶሽ "እያንቀላፋ ሰው የሚፈጅ ባል አልፈልግም፤ ፍቺዬን ጨርስልኝ" ያልሽኝ ዕለት፣ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ጧፍ አበራሁ። ለይርገዱ እግር ነው እያልሁ ራሴን ሳባብል ከረምሁ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ብትኖር ፊቴን አይታ ታውቀው ነበር።

አሁን ግን ስሚኝ፤ ብትቆጪም ተቆጪ። ፍቺውን አልጨርስም። መኪናዋንም ሽጥ ብለሽኛል፤ ብረቱ ተነሥቶ ዐይኗ እስኪስተካከል ለማንም አልሸጥም።

ትናንት ሽማግሌዎች ሙሐሲን ለይርገዱ ካሳ እንዲከፍል ሊፈርዱበት ሲቀመጡ ተነሥቼ ሁሉን ተናገርሁ። መኪናዋ ወደቆመችበት ግቢም ወሰድኋቸው። ሥዕሏን ተሳልሜ አነሣሁና ቁልፉን አዞርሁ። ሌሎቹ መብራቶች በርተው ጠፉ፤ ብጫዋ ቀረች። አበጋዝ ጆሮዬ ሥር ሆኖ፣ "ተው እንጂ፣ ምን አስለፈለፈህ? በስተርጅና ለእስላም አማችህ ድንጋይ ልትሸከም ነው?" አለኝ።

"ደግ አስታወስኸኝ!" አልሁት።

ከዚያው ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ።

እመብርሃን በሄድሽበት ትከተልሽ፤ ከክፉ አሠሪ ትሰውርሽ፤ ለአገርሽ መሬት ታብቃሽ። በእኔ ጥፋት የጨከነ ልብሽንም ታራራው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ገበያው ጢም ብሎ ሳለ ትልቅ ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ በመሀሉ አለፍሁ። "ኧረ ጉድ፣ አማት ለአማች!" የሚለውንም፣ "ሰውዬው ጃጀ!" የሚለውንም ሰማሁ፤ መንገዴን አልቀየርሁም። ሙሐሲን ደጃፍ ስደርስ ተንበረከክሁ። እናቱ ፈይዛ ብቅ ብላ፣ "ያ አላህ! ኧረ በነቢ ይነሡ!" ብትለኝ፣ "የበደልሁት ልጅሽን ነው፤ እሱ ካላወረደልኝ አልነሣም" አልኋት። ሙሐሲን ወጥቶ፣ ሁለት እጁን ከድንጋዩ ሥር እስኪያስገባ ድረስ፣ ቀና አላልሁም።

አባትሽ