በባለቤቴ ኪሎ ስለተሞላው ዕቅድ

ለጓድ ክፍሉ፣ ለቀበሌያችን ክቡር ሊቀመንበር
ድሬዳዋ፣ ነሐሴ 1978 ዓ.ም.

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። በዚህ ሙቀት ስለ ሰውነታችን ሲጨነቁ የከረሙ ሰው ነዎትና ደህንነትዎ ሁላችንንም ያሳስበናል። ባለፈው እሑድ ስብሰባ ላይ፣ በክብደት ቅነሳ ዕቅዱ ላይ ሂስ ያለው ሁሉ ጽፎ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፍ ባዘዙት መሠረት፣ እኔ በወይዘሮ ኡባህ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ የምሰፋው ሣህሉ ይህን ለጥፌአለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ግቡ አመሰግናለሁ። በአብዮት በዓል ሰልፍ የሚያልፉት የቀበሌያችን ሴቶች ቀጠን ብለው እንዲታዩ ለእያንዳንዳቸው አምስት አምስት ኪሎ ሲመድቡ፣ ማን ወፍራም፣ ማን ቀጭን፣ ማንስ ሕመምተኛ እንደሆነች በመጠየቅ ጊዜ አላባከኑም። ሚዛኑንም ከቀፊራ እህል ተራ ስላስመጡልን፣ እናቶቻችን ማሽላ በሚመዘንበት ላይ በወረፋ ሲወጡ የተሰማቸውን ክብር እኔ ከምገልጸው እነሱ ቢነግሩዎ ይሻላል።

ሁለተኛ፤ ወይዘሮ ኡባህ ስኳርና የደም ግፊት ስላለባቸው፣ መቀነስ ከሚገባቸው ጥቂቶች አንዷ እሳቸው ነበሩ። ደግሞም ከእርስዎ ዕቅድ በፊት የራሳቸውን አውጥተው ነበር፦ ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት፣ ጠዋት ጠዋት ከመጋላ ተነስተው የደረቀውን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በመሻገር ከዚራ ሰፈር ያለችው ልጃቸው ቤት ሳያርፉ መድረስ። መጀመሪያ ላይ ወንዙ መሐል ቆመው ያለከልኩ ነበር፤ በሐምሌ መቆሙን ተዉት። ሚዛኑ ግን የቀነሱት አንድ ኪሎ ተኩል ብቻ ነው ስላለ በስብሰባ ፊት «ሰነፍ» ተባሉ። ሱቃቸው ሲመለሱ «አቦ ሣህሉ፣ የሱ ሚዛን ማሽላውን ይመዝን፤ እኔን የሚመዝነኝ ደቻቱ ነው» አሉኝ። ይህንንም እንደ ሂስ ይቀበሉልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ጠዋት ሲወጡ አላየኋቸውም፤ ሻያቸውም ስኳሩ ተመልሶለታል።

ሦስተኛ፤ ባለቤቴን የሺአረግን አሥራ አንድ ኪሎ በመቀነሷ «ግንባር ቀደም» ብለው ስለሸለሙልኝ ውለታዎን አልረሳም። እንዴት እንደቀነሰች መድረክ ላይ ወጥታ ለሌሎች እንድታስተምር ሲጠይቋት፣ «እኔ ምንም አላደረግሁም፣ ጓድ ሊቀመንበር፤ እህል እምቢ አለኝ እንጂ» አለች። አዳራሹ ሳቀ። እርስዎም «ትሕትናዋን ተመልከቱ!» ብለው አስጨበጨቡላት። እኔም አጨበጨብኩ። በክረምቱ ቀሚሷን ደጋግሜ አጥብቤያለሁ፤ በመጨረሻው ጊዜ ግን መቀሱን አስቀምጬ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ በሆዷ ውስጥ እብጠት አግኝቶ፣ ሳትዘገይ አዲስ አበባ ሄዳ እንድትታይ አዘዘ።

አራተኛ፤ የድጋፍና የይለፍ ደብዳቤ ልጠይቅ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ፣ «ከበዓሉ በፊት አንዴ ትመዘንልንና ትሄዳለች» ብለው በፈገግታ ሸኝተውኛል። ነገሩ ስላልገባኝ ጸሐፊዎ ጓድ በለጠች በትዕግሥት አስረዱኝ፦ የቀበሌው ዕቅድ የሚለካው በድምሩ ነው፤ የየሺአረግ ትርፍ እንደ ወይዘሮ ኡባህ ያሉትን ሰዎች ጉድለት ይሸፍናል፤ እሷ ከሄደች ዕቅዱ አይሞላም። የባለቤቴ በሽታ ለቀበሌው ይህን ያህል እንደሚጠቅም አላውቅም ነበርና ስለ ማብራሪያው አመሰግናለሁ።

ክቡር ሊቀመንበር፣ እኔ የማውቀው ስፌት ብቻ ነው። ለመላው ቀበሌ ሴት በአንድ ልክ ቀሚስ ብሰፋ በማግሥቱ ከበረንዳው ባባረሩኝ ነበር። ሰው ሊቀንስ ሲነሳ መጀመሪያ ምን እንዳመመው፣ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንደሚችል ይጠየቃል፤ ኪሎው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ባቡሩ ነገ ጠዋት ይነሳል። ያለ ደብዳቤው ኬላ አያሳልፏትም፤ ሐኪም ቤቱም አይቀበላትም። ስለዚህ ዛሬ እንዲፈርሙልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ሚዛኑ ላይ ሰው የሚጎድል ከሆነ በእሷ ፋንታ እኔ እወጣለሁ፤ በዚህ ሰሞን እኔም ቀንሻለሁ።

ስለ ቅጥነታችን ለሚያደርጉልን ሐሳብ እጅ እየነሳሁ፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ ፊርማዎን በበርዎ ላይ የምጠብቀው፣

ሣህሉ ወንድይፍራው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወገቡ ጠቦኛልና ይስፋልኝ ብለው የላኩት ካኪ ሱሪ ደርሷል። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ስላሰፋሁት ስፌቱ ውስጥ የቀረ ጨርቅ የለም፤ ስለዚህ ከየሺአረግ ቀሚስ ጎንና ጎን ቆርጬ ያወጣሁትን ቀጥዬበታለሁ። ቀለሙ አልገጠመም፣ ወገብዎ ግን ይገባል። የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል ተብለናልና።