የጦይባ መርፌ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12፤ ጠዋት

አንሶላ ቀይሬ ጨረስኩ። ሙቀት፣ የልብ ምት፣ ግፊት፣ ሁሉንም እየዞርኩ ለክቻለሁ። ጭጋጉ ከሐይቁ ላይ አልተነሳም። የሴቶች ክፍል መስኮቶች ነጭ ናቸው፤ ውጭ የሚባል ነገር የለም። እዚህ ሆስፒታል ለተግባር ልምምድ ከመጣን ሰነባብተናል፤ አሁንም በሽተኞቹ "ሲስተር" ሲሉኝ ማንን ነው ብዬ ወደ ኋላ እዞራለሁ።

መስኮቱ ሥር አዲስ በሽተኛ ገብታለች። ሐያት። ከአምባሰል ነው የመጣችው፣ ከውጫሌ ገባ ካለ ገጠር። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። እሾህ ወግቷት ችላ አለችው፤ አሁን ግራ እግሯ እስከ ባቷ አብጧል፣ ቀልቷል፣ ሲነኩት ይፋጃል። ትኩሳት አላት። የቅላቱን ዳር በእስክሪብቶ አሰመርኩበት። ቅላቱ መስመሩን ካለፈ እየሰፋ ነው ማለት ነው። ሲ/ር አልማዝ አይታ "ጥሩ" አለች። የክፍሉ ነርስ ናት፣ እኛን ተማሪዎቹንም የምትከታተለው እሷ። "ጥሩ" ከአፏ በቀላሉ አይወጣም። ደስ አለኝ።

አንድ ነገር ግን አለ ደብተሬ። ልጅቷ ስትጠራ አትሰማም። ሐያት እላለሁ፤ ጣሪያውን ታያለች። ጆሮዋ ደህና ነው፤ በሹክሹክታ ሳወራት እንኳ ትመልሳለች። ስሟ ላይ ብቻ ነው የምትዘገየው። እናቷ እማማ ዘሀራ ጎኗን ነካ ያደርጓታል፤ ያኔ "አቤት" ትላለች። ስምሽ ማነው ብዬ ስጠይቃት መጀመሪያ እናቷን አየች። ከዚያ "ሐያት" አለች፤ የተነገራትን እንደምትደግም ሰው።

የማይስማማሽ መድኃኒት አለ ወይ አልኳት።

"ለእኔ የለም" አለች። "ለእኔ" የምትለዋን ጫን አድርጋ።

እማማ ዘሀራ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

የለም ብዬ ጻፍኩ። 


ያው ማክሰኞ፤ ከሰዓት

በችኮላ ነው የምጽፈው። ጽሑፌ እንዲህ ስለሆነ ይቅርታ።

ቅላቱ መስመሬን አልፏል። ትኩሳቱም ጨምሯል። ዶ/ሩ ክሎክሳሲሊን በደም ሥር አዘዘላት፤ ቶሎ እንዲጀመር። ዱቄቱን በጠበጥኩ፣ በመርፌ ሳብኩ፣ በትሪ ይዤ ሄድኩ። ሲ/ር አልማዝ እዚያው ክፍል ሌላ በሽተኛ ቁስል እያጠበች ነው። እማማ ዘሀራ ሊሰግዱ ወጥተዋል። ሐያት ዐይኗን ጨፍናለች። የተኛች መስሎኝ ነበር።

አሸተተች። ሳትገልጥ፣ ሳትንቀሳቀስ።

"ይሄ የጦይባ መርፌ ነው" አለች።

ጦይባ ማን ናት አልኳት።

"የሞተችው።"

ነገረችኝ። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ስለ ጎረቤት ሠርግ የምታወራ ይመስላል። ጦይባን ጉሮሮዋን ታማ መርፌ ወጓት። መርፌው ገና ሳይወጣ ገላዋን በላት። ከንፈሯ አበጠ። ትንፋሽ አጠራት። ዐይኗ ተገለበጠ። ሰው ሮጠ፣ ሰው ጮኸ፣ ከፈን ሊገዛ የሄደም ነበር። መቃብሯ ከቤታቸው በታች ነው። ሐያት እንጨት ለቅማ ስትመለስ ቆም ብላ ፋቲሃ ትቀራላታለች።

እህትሽ ነበረች ወይ አልኩ። አይደለችም። ጎረቤት? አይደለችም።

"አጠገቧ ነበርሽ?"

"ከላይ ነበርኩ" አለች። "ከጣሪያው ሥር ሆኜ አየኋት። አፏን ከፍታ። ወላሂ፣ እንዴት ታሳዝን ነበር።"

 መርፌው ክንዷ ላይ ደም ሥሯ ውስጥ የተሰካው ቱቦ ጋ ደርሷል። አውራ ጣቴ ላዩ ላይ ነው።

ማሰብ ነበር ብዬ አልዋሽሽም። መጀመሪያ የመጣው ፍርሃት ነው። ልጅቷን ፈራኋት። ጣሪያውን ቀና ብዬ አየሁት፣ እግዜር ያሳይሽ። ከዚያ ግን ከፍርሃቱ ሥር ሌላ ነገር፣ ክፍል ውስጥ ስንቴ የተማርነው ነገር ብቅ አለ። ማሳከክ። የከንፈር ማበጥ። የትንፋሽ ማጠር። ከመርፌ በኋላ፣ ወዲያው። ይሄ አለርጂ ነው። ያ መርፌ ፔኒሲሊን ከነበረ ክሎክሳሲሊንም የዚያው ዘር ነው፤ ሽታቸውም ይቀራረባል። ይህቺ ልጅ ደግሞ ሽታውን ታውቀዋለች።

መርፌውን መልሼ ትሪው ላይ አስቀመጥኩ።

"አልወጋሽኝም እንዴ?" አለችኝ። ቅር ያላት ትመስላለች።

ለሲ/ር አልማዝ ነገርኳት። ጠይቀሻታል፣ የለም ብላለች፣ እግሯ እየባሰ ነው፣ ማዘግየቱም አደጋ ነው አለች። ልክ ናት። እኔ በእጄ ያለው የአንዲት ሙት ታሪክ ነው፣ ያውም ከጣሪያ ሥር የታየ። ተማሪ ነኝ። ግን አፌ "አልሰጥም" አለ። "እናቷን ጠይቄ እስክመጣ አልሰጥም።"

ትክ ብላ አየችኝ። ጓንቷን አወለቀች።

"እንግዲያው ሮጥ በይ። እኔ አጠገቧ እቆማለሁ።"

ሮጬ ወጣሁ። አሁን እየተጠራሁ ነው፤ ቀሪውን በኋላ።


ያው ማክሰኞ፤ ሊመሽ ሲል

እማማ ዘሀራን ግቢው ውስጥ ቧንቧው ጋ አገኘኋቸው፤ ለስግደት ታጥበው ውዱእ ያደርጋሉ። ጦይባ ማን ናት አልኳቸው። አፌን በመዳፋቸው ከደኑት። እውነቴን ነው። መዳፋቸው እርጥብ ነበር፣ ቀዝቃዛ።

"ስሟን አትጥሪ የኔ ልጅ። እዚህ አትጥሪ።"

ከመድኃኒቱ ጋር የተያያዘ ነገር ካለና ካልነገሩኝ ልጅዎን ልገድላት እችላለሁ አልኳቸው። እንዲህ ብዬ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ቧንቧውን ሳይዘጉት ቁጭ አሉ።

ጦይባ ማለት ሐያት ናት። ሌላ ሰው የለም። ያኔ ትንፋሿ ቆሞ ነበር፤ ሌላ መርፌ ወግተው መለሷት። ዐይኗን ገለጠች፣ ግን ጦይባ ብለው ሲጠሯት አልመለሰችም። አንድ ትልቅ ሰው መጥተው አዩዋትና፣ የተጠራው ስሟ ነው፣ ጠሪው፣ ሞት፣ ሲመለስ እንዳያገኛት ስሙን ቅበሩት አሉ። ሻሿን በነጭ ጨርቅ ገንዘው ቀበሩት። ለቅሶ ተቀመጡ። አገሩ መጥቶ አፅናናቸው። ልጅቷም ከለቀስተኞቹ ጋር ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ሐያት ናት። ሕይወት ማለት ነው አሉኝ፣ የማላውቅ መስሏቸው።

ስለዚህ ደብተሬ፣ ጠዋት ስጠይቃት አልዋሸችኝም። ለሐያት የማይስማማ መድኃኒት የለም። ያልተስማማት ሞታለች።

ዶ/ሩ ወዲያው መድኃኒቱን ከፔኒሲሊን ዘር ባልሆነው በክሊንዳማይሲን ለወጠው። የመጀመሪያውን እኔው ሰጠሁ፤ አድሬናሊን፣ አለርጂ ቢነሳ የሚመልሰው መርፌ፣ ትሪው ላይ ተዘጋጅቶ፣ ሲ/ር አልማዝ ጎኔ ቆማ። ከንፈሯን አያለሁ፣ ትንፋሿን እሰማለሁ። ምንም አልሆነችም። ሲ/ር አልማዝ ጎበዝ አላለችኝም። "ነገም ጠይቂ" አለችኝ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ቅላቱ ቆሟል። መስመሬን ካለፈበት አልገፋም።

ካርዷ ላይ አለርጂውን በቀይ ጻፍኩ። እማማ ዘሀራ ማንበብ አይችሉም፤ ቀዩን ቀለም ግን አዩ። የዚያችን ስም ጻፍሽው ወይ አሉኝ። አልጻፍኩም ብዬ ማልኩላቸው። አስቤበታለሁ፣ ዶ/ሩንም ጠይቄዋለሁ። ሐኪም ሊያውቀው የሚገባው መድኃኒቱን ነው። የተቀበረውን ስም ማን ምን ያደርገዋል?

ጭንቀቴ ሌላ ነው። ካርዱ እዚህ ይቀራል። ነገ ውጫሌ ብትታመም፣ መንገድ ላይ ብትታመም፣ የሚከተላት አፏ ብቻ ነው። ስለዚህ ላስተምራት ተቀመጥኩ። በይ፣ "ፔኒሲሊን አይስማማኝም" በይ።

"ለጦይባ ነው የማይስማማት።"

አይደለም፣ "ለእኔ" በይ።

"እኔ ምን አገባኝ? የማይስማማትማ ሞታለች።"

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። እንደገና ሞከርኩ፤ ዐይኗ ወደ መስኮቱ ሄደ። እናቷን አስተማርኳቸው፣ በደንብ ያዙት፣ ደግመው ነገሩኝ። ግን እናት ሁልጊዜ አጠገብ አይደለችም። ትናንት እንኳ ለሶላት ወጥተው ነበር።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 14፤ ምሳ ሰዓት

ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበላሁ ነው የምጽፍልሽ። ጭጋጉ ዛሬ እኩለ ቀንም አልለቀቀም። ጀልባው አይታይም፤ ሰዎቹ ግን በውሃው ላይ ይጠራራሉ። አንዱ ጠራ። መልስ የለም። እንደገና ጠራ። ዓሣውን አስቀምጬ አዳመጥኩ። ከቆይታ በኋላ ከሩቅ "ኦይ!" አለ ሌላው።

ሞኝ ነኝ። ግን ዛሬ ጠዋት ጓደኛዬ ከኋላዬ በስሜ ስትጠራኝ ለምን ወዲያው አቤት ማለት አቃተኝ?


ዓርብ፣ ጥቅምት 15፤ ከጁምዓ በኋላ

ሳልረሳው ልጻፈው።

አስታማሚዎቹ ለጁምዓ ወጥተው ክፍሉ ጭር ብሏል። የሐያትን እግር አይቼ ጨረስኩ፤ እብጠቱ ጎድሏል። ዞር ስል በሩ ላይ ሽማግሌ ቆመዋል። ረጅም ናቸው። ከዘራ ይዘዋል። ሲገቡ አልሰማሁም። ከሩቅ ነው የመጣሁት አሉኝ። ጫማቸው ላይ አቧራ የለም።

"ጦይባን ልጠይቅ ነበር።"

ከኋላዬ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ። 

ተምረናል፤ ማን እንደተኛ ለማያውቁት ሰው አይነገርም። ይሄን ሕግ አስቤ ነው ብልሽ ደስ ባለኝ። አላሰብኩትም። እግሬ ራሱ ሄዶ በሳቸውና በአልጋው መካከል ቆመ።

"እዚህ ጦይባ የምትባል በሽተኛ የለችም አባባ።"

በትከሻዬ ላይ አሻግረው መስኮቱ ሥር ያለውን አልጋ አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ።

"የለችም?"

"የለችም።"

"እንግዲህ አፉ በይኝ። ተሳስቼ ይሆናል።"

ሄዱ። ከዘራቸው ኮሪደሩ ላይ ሲያንኳኳ ሰማሁ። የውጭው በር ጋ ሳይደርስ ድምፁ ጠፋ።

ሐያት ሻሿን ፊቷ ላይ ስባ ደርቃለች። ገለጥኳት። እጄ እንደ ልማዱ የልብ ምቷን ያዘ፤ ይጋልባል። ትንፋሿ ደህና ነው። እያለቀሰች ነው፣ ያለ ድምፅ።

"እኔን ነው የጠራኝ" አለች።

እኔን። ከመጣች ጀምሮ ጦይባን እኔ ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

"ሄዷል" አልኳት። "የለችም ብዬዋለሁ።"

"አመነሽ?"

"አመነኝ።"

 እጇ እጄን አለቀቀም። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ አወጣችና "አልሀምዱሊላህ። ፈልጎ አጥቷል፤ እንግዲህ አይመለስም" አለች። ቀጥላ ደግሞ፣ እኔ ሳልጠይቃት፣ "ያ ያልሽኝ መድኃኒት፣ ፔኒ ምንትሴ፣ እንዴት ነበር የሚባለው?"

ፔኒሲሊን አልኳት። ቀስ ብላ ደገመችው።

"ፔኒሲሊን ለእኔ አይስማማኝም። ገድሎኝ ነበር።"

ገድሎኝ ነበር! ይህን ሰምቶ መርፌ የሚስብ ነርስ የለም። ደጋግማ አለችው፤ የፔኒሲሊን ዘር የሆነ ሁሉ እንደማይሆናት ጨምሬ አስያዝኳት። እማማ ዘሀራ ሲመለሱ ልጃቸው ይህን ስትል ሰምተው በሩ ላይ ቆሙ። እኔ ስለ ሽማግሌው ምንም አልነገርኳቸውም።


እሑድ፣ ጥቅምት 17

ወጣች። የሚዋጥ መድኃኒት ይዛ፣ ትንሽ እያነከሰች። ኪኒኑን እስከ መጨረሻው እንድትጨርስ፣ እግሯ ቢብስባት ሳትውል ሳታድር እንድትመለስ ነገርኳት። እማማ ዘሀራ ግንባሬን ሳሙኝ፣ ዱዓ አደረጉልኝ። የውጫሌ ሚኒባስ ድረስ ሸኘኋቸው። ሐያት መስኮቱ ጋ ተቀምጣ፣ አጠገቧ ላለችው ለማታውቃት ሴት ስትናገር ሰማኋት። ፔኒሲሊን ገድሎኝ ነበር። ሴትዮዋ ሱብሃነላህ ትላለች።

አንድ ነገር ወስኛለሁ። ከነገ ጀምሮ "የማይስማማሽ መድኃኒት አለ ወይ" ብዬ ብቻ አልተውም። መርፌ ተወግቶ የተጎዳ ሰው ታውቂያለሽ ወይ፣ ንገሪኝ እላለሁ። ቁጭ ብዬ እሰማለሁ።

ሌላም አለ። ከሸኘኋቸው በኋላ ወደ ሆስፒታሉ ስመለስ ዘበኛው ጋሼ ይማም በሩ ላይ አስቆሙኝ። ዓርብ ለት የመጡትን ሽማግሌ አየሻቸው ወይ ሲስተር አሉኝ። እየቀለዱም፣ እያስፈራሩም አልነበረም። አይቻቸዋለሁ አልኩ። ማን እንደሆኑ ልንገርሽ አሉኝ።

 ማወቅ እፈልግ ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ነገር አላሰብኩም። አጎቷ ሊሆኑ ይችላሉ። አዲሱን ስም ያልተቀበሉ፣ የታመመች ዘመድ ሊጠይቁ የመጡ ደግ ሰው። እንዲያ ከሆነ ነገ ቤቷ ይሄዳሉ፣ ጦይባ ብለው ይጠሯታል፣ እሷም ጠሪዋ እንዳልተሸኘ ታውቃለች። ያ "ለእኔ" ያለችው ቃልስ? አብሯት ይቆያል? ወይም ደግሞ አጎቷ አይደሉም። ይሄኛውን ልጽፈው አልፈልግም።

ባውቅ ለሐያት መንገር ይኖርብኛል። አንዴ የለችም ብያለሁ፤ ሁለተኛ መዋሸት አልችልም።

"አይንገሩኝ ጋሼ ይማም" አልኩ።

"እንዴ፣ እሳቸው እኮ..." ብለው ጀመሩ።

ጆሮዬን በሁለት እጄ ይዤ እየሮጥኩ ገባሁ። ነገ በሌላ በር ነው የምገባው። ከነገ ወዲያም። ልምምዱ እስኪያልቅ ድረስ።