በሳጥኑ ጀርባ የተሳለችው ዘጠነኛ ከተማ

ይድረስ ለተከበሩ የዊንድልሃርት መዝናኛ ኩባንያ የሕግ ጉዳዮች መምሪያ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባልደረቦችዎና ደብዳቤ በሦስት ቅጂ ለሚያባዛው ማሽናችሁ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ሃንኮክ ከተማ በረዶው የሱቄን መስኮት እኩሌታ ሸፍኗል እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም። ያገለገሉ የቪዲዮ ጌሞችን ገዝቼ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ፤ ይህን ሱቅ ከከፈትኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በየቀኑ ሱቁን ከመዝጋቴ በፊት የዋለውን ነገር በማስታወሻ ደብተሬ የማስፈር ልማድ ስላለኝ፣ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ንግግሮች ከደብተሩ የተገለበጡ መሆናቸውን ከወዲሁ ለማረጋገጥ እወዳለሁ። የሕግ ሰው ማስረጃ እንደሚወድ ይገባኛል።

ጥር ዘጠኝ ቀን የጻፉት ደብዳቤ ደርሶኛል። ከሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት ባወጣችሁት «የፋኖስ ጠባቂው» በተባለው ጌም ላይ፣ እኔና ግብረ አበሮቼ ያለ ፈቃድ «ዘጠነኛዋ ከተማ» የሚል ተጨማሪ ክፍል መሥራታችንን ገልጸው፣ እስከ የካቲት መጨረሻ ድረስ የእናንተ የሆነውን ሁሉ አጥፍተን ማጥፋታችንን በጽሑፍ እንድናረጋግጥ አዘዋል። ያቺን ከተማ ከዳር እስከ ዳር የሳላት ሰው ሞቷል፤ ከእጁ የቀረችኝም እርሷ ብቻ ናት። ስለዚህ የታዘዝኩት ምን እንደሆነ በሚገባ ተረድቻለሁ። ማረጋገጫውን ከታች አቀርባለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ጥቂት ምስጋናና ጥቂት ቅሬታ ስላለኝ እንደ ሥርዓቱ በተራ ቁጥር እንድዘረዝር ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ «ግብረ አበሮችዎ» ስላሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሰው በብዙ ቁጥር ካነጋገረኝ ወራት አልፈዋል። ደብዳቤውን በፊርማ ያስረከበችኝ ፖስተኛ «ቨርን፣ ደግሞ ምን አጠፋህ?» ስትለኝ «ወንጀለኛ ቡድን ስመራ ተያዝኩ» ብዬ መለስኩላት። «አንተ? ከማን ጋር ሆነህ?» ብላ እስክትወጣ ድረስ ሳቀችብኝ። ጥያቄዋ አግባብ ስለሆነ የቡድኑን ይዞታ ላስረዳ። የከተማዋን ነዋሪዎች ንግግር የጻፈችው ጆሊን ታስኪላ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች፤ ጉልበቷ በረዶ አልጠርግም ስላላት ባለፈው ግንቦት ልጇ ወዳለችበት ወደ አሪዞና ሄዳለች። ለገና ቁልቋል ያለበት ካርድ ልካልኛለች። ኮምፒውተሩን ያሠራልን የነበረው ባለሙያ የደብዳቤያችሁ ቅጂ በደረሰው ማግስት ደውሎ «ቨርን፣ በናትህ፣ እኔ ልጆች አሉኝ። ስሜን ከየትም ከየትም አውጣልኝ» ብሎኛል። አውጥቻለሁ፤ እዚህም አልጻፍኩትም። ዴልበርት ራጃላ፣ ማለትም ከተማዋን የሳለው፣ የመንገድ በረዶ መጥረጊያ መኪና ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ለእርሱ በስሙ የላካችሁት ፖስታ ሳይከፈት ተመልሶላችሁ ከሆነ እንዳትቀየሙት፤ ከአሥራ አራት ወር በፊት ተቀብሯል። እኔ በበኩሌ አንድም ቤት አልሳልኩም፣ አንድም ቃል አልጻፍኩም፤ ያዋጣሁት የሱቁን የጓሮ ክፍል፣ አራት ታጣፊ ወንበርና አንድ ማሞቂያ ነው። መሪ ብላችሁ ስለሾማችሁኝ ግን እምቢ አልልም።

ሁለተኛ፤ ከተማዋን እኛ አልፈጠርናትም። የጌሙ ሳጥን ጀርባ ላይ ካርታ አለ፤ በካርታው ላይ ዘጠኝ ከተሞች ተስለዋል። ካሴቱን ሰክቶ የተጫወተ ሰው የሚያገኘው ስምንት ነው። በስተሰሜን፣ ከድልድዩ ማዶ፣ ምን ቢያደርጉት የማይከፈት በር ቆሟል። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ በማሸጊያው ላይ ዘጠኝ ብዬ ስምንት ብሸጥ እዚህ አካባቢ የምጠራበትን ስም አውቀዋለሁ። ይህን ያህል ዓመት ስለ ጉዳዩ ሳታነሱ በጨዋነት ስለቆያችሁ ግን አደንቃችኋለሁ። እንዲያውም ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የኩባንያችሁ ሠራተኛ ደውሎ፣ ለጌሙ ሠላሳኛ ዓመት ፎቶ የሚነሳ ያልተቀደደ ሳጥን እንዳለኝ ጠይቆኝ ነበር፤ እናንተ ዘንድ አንድም አልተረፈም ነበርና። ላክሁላችሁ። እስካሁን አልመለሳችሁትም፤ ከተሞቹን እየቆጠራችሁ ይሆናል ብዬ በትዕግሥት እጠብቃለሁ።

ዴልበርት መጀመሪያ ወደ ሱቄ የመጣው በዚያ በር ምክንያት ነው። የዚያን ቀን የጻፍኩትን እንዳለ አሰፍራለሁ።

«ይሄን ለልጄ ገዝቼለት፣ እሱ ሰልችቶት እኔ ቀረሁበት። በሩ በምንድነው የሚከፈተው?»

«አይከፈትም።»

«እንዴት አይከፈትም? ተስሎ የለ እንዴ!»

«ሠሪዎቹ ጊዜ አጥሯቸው ትተውት ነው።»

ባርኔጣውን አውልቆ በረዶውን ባንኮኒዬ ላይ አራገፈብኝና «ታዲያ እኛ አንጨርሰውም?» አለ።

«ማን ነው እኛ?»

«አንተ ማሞቂያ አለህ። እኔ እርሳስ አለኝ።»

ክቡር ሆይ፣ የወንጀሉ ጥንስስ ይህ ነው።

ሦስተኛው ቅሬታ በራሳችን ላይ ስለሆነ ሳልደብቅ አቀርበዋለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ከምሽቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት እንሰበሰብ ነበር፤ ጆሊን ሥጋና ድንች የተሞላ ፓስቲ በፎጣ ጠቅልላ ታመጣለች፤ ዴልበርት በባለካሬ ደብተር ላይ በባለቀለም እርሳስ አንዲት ካሬ ለአንዲት የስክሪን ነጥብ እያደረገ ጣሪያና አጥር ይስላል። የድሮ ካሴት የሚይዘው እጅግ ጥቂት ነው፤ ስምንቱ ከተሞች ከገቡ በኋላ የተረፈው ቦታ ደግሞ የኪስ ያህል ነበር። ዴልበርት ዘጠነኛዋ ከተማ በዚያች ትራፊ ቦታ ካልገባች አትሠራም ብሎ ሕግ አወጣ። ባለሙያችን ጠረጴዛውን እየደበደበ «ሰዎች፣ ስልካችሁ ውስጥ እንደዚህ ያለ ሺህ ካሴት ይገባል! ማን ፈረደባችሁ?» እያለ ይለምናቸው ነበር።

«ካልገባች የዚያ አገር ልጅ አይደለችም» ይለዋል ዴልበርት። «እንግዳ ናት።»

«ሽማግሌ፣ አንተ እኮ መንገድ ስትጠርግም እንዲሁ ነበርክ። አንዷን ጎዳና አምስቴ!»

«ታዲያ እኔ በጠረግኩት ላይ ሸርተት ብለህ ታውቃለህ?»

በዚህ አኳኋን አራት ክረምት ፊደል ስንቆጥብ ከረምን። ጆሊን የነዋሪዎቹን ንግግር በጣቷ እየቆጠረች ትጽፋለች፤ ለአንዱ ስትጨምር ከሌላው ትቀንሳለች። ነዋሪዎቹ አሥራ አንድ ናቸው። ዴልበርት ለራሱ የመረጠው በቀዘቀዘው ሐይቅ ላይ፣ በጣውላ ጎጆ ውስጥ የተቀመጠውን ዓሣ አጥማጅ ነበር። መጀመሪያ ሃያ መስመር ንግግር ተመድቦለት ነበር። ቦታ በጠበበ ቁጥር ግን ከራሱ ቆርሶ የሚሰጠው እርሱ ሆነ።

«ዳቦ ጋጋሪዋ እንዴት አደራችሁ ሳትል መቅረት የለባትም፤ ከእኔ ውሰጂላት።»

«አንተስ ምን ልትል ነው?» አለችው ጆሊን።

«በረዶ ላይ ቁጭ ያለ ዓሣ አጥማጅ ምን ይላል?»

ሦስት መስመር ብቻ ቀረው። በአራተኛው ክረምት ታኅሣሥ ላይ፣ ከተማዋ ሳታልቅ፣ ከቤቱ ደጃፍ በረዶ ሲጠርግ ልቡ ቆመ። ዘመናዊውን መንገድ ብንከተል ኖሮ ሥራው በአንድ ክረምት ያልቅ ነበር፤ የቀሩትን ሦስት ክረምት እርሱ በራሱ ከተማ ውስጥ ይንሸራሸር ነበር። እናንተ ራሳችሁ ለረሳችሁት ካሴት ታማኝ ለመሆን ብለን ይህን ያደረግን እኛ ነን፤ በዚህ ረገድ የሚከሰን ሰው ካለ ጠበቃ አንጠራም።

አራተኛ፤ ትእዛዝዎን እንዴት እንደፈጸምኩ። እኔ ውል ስፈርም ቃል በቃል የማነብ ሰው ነኝ፤ ደብዳቤዎንም እንዲሁ አነበብኩት። «የእናንተ የሆነውን ሁሉ» ይላል። ባለሙያው መሳቢያ ውስጥ የተወውን ማስታወሻ እያገላበጥኩ፣ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኝ፣ ከተማዋን ከእናንተ ካሴት አውጥቼ ዛሬ ማንም በነጻ ወደሚጠቀምበት የጌም መሥሪያ ፕሮግራም አዛወርኳት። ፋኖሶቹን አጠፋሁ። ጭራቆቹን አጠፋሁ። ሙዚቃውን አጠፋሁ። ድልድዩ የእናንተ ስለሆነ አፈረስኩት። በሩም የእናንተ ነበርና አነሳሁት፤ ሠላሳ ሁለት ዓመት አልከፈት ያለው በር በእርስዎ ትእዛዝ ስለተወገደ ብዙ ተጫዋቾች ምስጋናቸውን እንዳቀርብላቸው ይፈልጉ ነበር ብዬ እገምታለሁ። በመጨረሻም ቀይ ካባ የለበሰውን ጀግናችሁን አስወገድኩ።

የቀረው ዴልበርት የሳላቸው አሥራ አራት ቤቶች፣ የቀዘቀዘው ሐይቅና አሥራ አንዱ ሰዎች ናቸው። ያላሰብኩት ነገር ያኔ ታየኝ። እያንዳንዳቸው የሚሉት ነገር አላቸው፤ ሰው ቀርቦ ካላናገራቸው ግን አይናገሩም፤ እየዞረ የሚያናግራቸው ደግሞ ጀግናው ብቻ ነበር። ሁሉም ባሉበት ቆመው ቀሩ። ሁለት ሐሙስ አንዱን ወንበር ዘርግቼ ስክሪኑን ስመለከት አመሸሁ፤ በከተማዋ ውስጥ ከበረዶው በቀር የሚንቀሳቀስ አልነበረም።

በሦስተኛው ሐሙስ የዴልበርትን ደብተር ከፍቼ አንድ ሰው ሳልኩ። በዚያው ዕለት ለጆሊን ደወልኩ።

«አንድ ሰው ሳልኩ» አልኳት።

«አንተ? በማስመሪያ እንኳ መስመር ቀጥ አድርገህ አታውቅም!»

«አንድ እግሩ ረዝሞብኛል። ያነክሳል።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«መነጽር ያደረገ ባለሱቅ።»

ሳቋን ጠበቅሁ። እርሷ ግን «ሐይቁ ላይ ሄደሃል?» አለችኝ።

«ገና ነኝ። እየሰማሽኝ ልሂድ?»

«አይ። እኔ መስመር ላይ እያለሁ አትሂድ፣ ቨርን። አልችልም» ብላ ዘጋችው።

አምስተኛ፤ ብቻዬን ሄድኩ። የሳልኩት ሰው በዳቦ ቤቱ በኩል አልፎ፣ በረዶውን እያነከሰ አቋርጦ፣ ጎጆው ውስጥ ገባ። ጆይስቲኩን ተጫንኩ። ዓሣ አጥማጁ «በሩን ዝጋው፤ ብርድ አስገባህብኝ» አለ። ደግሜ ተጫንኩ። «ዛሬ ዓሣው መንጠቆዬን ንቆታል» አለ። ሦስተኛ ስጫን «ተቀመጥ፣ ወንበር አለ» አለ። ከዚያ በኋላ በተጫንኩ ቁጥር «ተቀመጥ፣ ወንበር አለ» ይላል። እኔ የሳልኩት ሰው ግን መቀመጥ አይችልም፤ ከመቆምና ከማነከስ ሌላ አልሳልኩለትም፤ እንዴት እንደሚሳልም አላውቅም።

አሁን ከካሴቱ ስለወጣን ቦታ እንደ ልብ ነው። ሃያም መስመር፣ ሁለት ሺህም መስመር ይገባል። አራተኛ መስመር ልጽፍለት ሞክሬ ነበር። ጽፌ ሳነበው የነጋዴ ንግግር ሆነብኝ፤ ደምስሼ ሦስቱን እንዳሉ ተውኳቸው።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ የኩባንያችሁ የሆነ አንዳች ነገር በእጄ እንደሌለ በዚህ ደብዳቤ አረጋግጣለሁ። የቀረው የዴልበርት ራጃላና የጆሊን ታስኪላ ሥራ ነው። እርሱን በተመለከተ ደብዳቤዎ ምንም አይልም፤ ወደፊት እርሱንም አጥፋ የሚል ደብዳቤ ቢጽፉ ፈርሜ እቀበላለሁ እንጂ አላጠፋውም።

ለኩባንያችሁ ረጅም ዕድሜን፣ ለመምሪያዎ ከእኔ የከበደ ባላጋራን፣ ለእርስዎም በግልዎ የሚመለሱበት ሙቅ ቤት እየተመኘሁ፣ ከላቀ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ትእዛዝዎን ቃል በቃል የፈጸመው፣
ቨርን ሳልሜላ
ያገለገሉ ጌሞች መደብር
ሃንኮክ፣ ሚሺጋን

ተጨማሪ፦ ሥራችን «በገበያችን ላይ ከፍተኛ ጉዳት አድርሷል» ብለው አሃዙን ሳይጠቅሱ ስላለፉ ላሟላልዎ። በአሁኑ ይዞታዋ ዘጠነኛዋን ከተማ የጎበኘ ሰው ብዛት አንድ ነው። ጉዳቱን እጥፍ ሊያደርግ የሚፈቅድ አንድ ባልደረባ ካለዎ ይላኩልኝ፤ መሳል የሚችል ቢሆን እመርጣለሁ።